ከደረጃው ስር የመለሰው ማን ነው?

ይህን ከሰው አፍ ሰምቼ ያሳመርኩት እንዳይመስላችሁ። በራሴ የደረሰ ነው። አላምንም የሚል ካለ መብቱ ነው፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች።

ቦታው አንድ ባለ ፎቅ ቤት ነው። ቀለሙ አዲስ፣ መስኮቱ የተወለወለ፣ በረንዳው ላይ አበባ የተደረደረበት። በሩ ላይ ቆማችሁ ብታዩት "ታድለው!" ብላችሁ ነው የምታልፉት።

እኔ ግን ገባሁበት...

ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። ይህ ሥራ ደግሞ ሰውን ተጠራጣሪ ያደርጋል። ኮረንቲ ያለው ሽቦና የሌለው ሽቦ በዓይን አይለዩም፣ ሁለቱም ዝም ብለው ነው የሚያዩህ። ባለቤቱ "ጠፍቷል" ቢለኝ አላምነውም። እናቴ ብትለኝም አላምናትም። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባል የለ?

በጭፍን የማምነው የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነበር። የአማቼን።

አማቼ የታናሽ እህቴ ባል ነው። አብረን መሥራት ከጀመርን ስንት ዓመታችን። ዝምተኛ ነው፣ ቀልድ አይችልም፣ ሲቀልዱበትም ከነጋ ነው የሚገባው። ጠዋት ከቤት ስንወጣ እህቴ ለእሱ ምንም አትለውም። ለእኔ ነው የምትናገረው።

"አደራ። እንደወሰድከው መልስልኝ።"

ሶኬት ልንቀይር ብንሄድም አደራ ነው። አንዳንዴ "ሰውዬሽ ብርጭቆ ነው እንዴ?" እላታለሁ። አትስቅም። አባታችንን የወሰደብን ይኸው ሥራ ስለሆነ እኔም ብዙ አልገፋበትም።

ወደዚያ ቤት የተጠራነው ለኤሌክትሪክ መኪና ነው። አባወራው መኪናውን አዟል፣ ገና አልደረሰም። ከመድረሱ በፊት ጋራዡን ለቻርጀሩ እንድናዘጋጅ ነው። ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ። እንዲህ ያለ ቻርጀር ከተሰካ ለሰዓታት ሳያርፍ ነው የሚስበው። ባረጀ መስመር ላይ ከጫናችሁት ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ይግላል፣ ማንም ሳያይ። ስለዚህ መጀመሪያ ቤቱ ምን ያህል እንደሚችል፣ የትኛው ብሬከር፣ ማለትም ኮረንቲ ማቋረጫ፣ የትኛውን ክፍል እንደያዘ ይታወቃል። ከዚያ አሮጌው የጋራዥ መስመር ይነቀልና ወፍራም ኬብል ከራሱ ብሬከር ጋር ይገባል።

በሩን የከፈተችልን የቤቱ እመቤት ናት።

"ግቡ..." አለች፣ በሹክሹክታ።

"የተኛ ሰው አለ እንዴ?" አልኳት። ሳላውቀው እኔም ድምፄን ቀንሻለሁ።

"የለም። ብቻዬን ነኝ።"

"ታዲያ ምነው?"

"ድምፅ ባይበዛ ደስ ይለኛል።"

አማቼን አየሁት። እሱም አየኝ። በሆዴ ስም አወጣሁላት... እትዬ ሹክሹክታ።

ጋራዡን አሳየችን። ግድግዳው ላይ አንድ መሰላል ተደግፎ ቆሟል። ጥሩ መሰላል ነው፣ የባለሙያ።

"የእናንተ ነው?" አልኳት።

"ከእናንተ በፊት የመጣው ሠራተኛ መሰላል ነው። ትቶት ሄደ።"

"ተመልሶ አይወስደውም?"

"አይመስለኝም።"

መሰላሉን ጥሎ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም። ሱሪውን ጥሎ ቢሄድ ይቀለዋል።

እዚያ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን የጠረጠርኩት ሌላ ነገር ነው። ባሏ ሥራ ውሏል። እሷ በሹክሹክታ ታወራለች። በየመሃሉ ቀና እያለች ወደ ፎቁ ታያለች። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ላይ የደበቀችው ሰው አለ ብዬ ደመደምኩ። የሰው ጓዳ ምን አገባኝ ብዬም ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

የብሬከሩ ሳጥን ከደረጃው ስር ነው። ከፈትኩት። ብሬከሮቹ ተደርድረዋል፣ አንዱም ላይ ጽሑፍ የለም።

እንዲህ ሲያጋጥም ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነው። አንዱ ሳጥኑ ጋ ይቆማል። ሌላው አምፖል የታሰረበት ሽቦ ይዞ ከክፍል ክፍል እየሰካ ይዞራል። የሳጥኑ ሰው አንዱን ብሬከር ያወርድና "ጠፋ?" ብሎ ይጮሃል። አምፖሉ ከጠፋ ያኛው "ጠፋ" ይላል፣ ካልጠፋ "አለ" ይላል።

ሽቦ ሲያዝ ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ሽቦው ጋ ያለው ይጠይቃል፣ ሳጥኑ ጋ ያለው ይመልሳል። እጁ ብሬከሩ ላይ ሳይሆን "ጠፋ" የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይሠራም። በዚያች ቃል ነው ውለን የምንገባው።

ጀመርን።

"ጠፋ?"

"አለ።"

"አሁንስ?"

"ጠፋ። ሳሎን ነው።"

ሴትየዋ ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"ሥራ ነው፣ እትዬ።"

"መጣራት የግድ ነው?"

"ካልተጣራን እንዴት እንግባባለን?"

"በስልክ... ወይም እየሄዱ ፊት ለፊት..."

"እትዬ፣ በዚህ አካሄድ መኪናው አርጅቶ ነው ቻርጀሩ የሚገባለት። አይጨነቁ፣ ቶሎ ነው የምንጨርሰው።"

  አንዴ ወደ ላይ አየችና ደረጃውን ወጣች።

ታችኛውን ጨረስን። አማቼ ወደ ፎቅ ወጣ፣ እሱንም ጨረስን። በየብሬከሩ ላይ ፕላስተር እየለጠፍኩ ስሙን ጻፍኩበት። በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረ። ጥጉ ላይ ያለ፣ ከሌሎቹ የቆየ።

አወረድኩት።

"ጠፋ?"

ዝም።

"አማቼ፣ ጠፋ?"

"ጠፋ..."

ከፎቅ ነው። የአማቼ ድምፅ ነው፣ ያ እንቅልፉን ያልጨረሰ የሚመስለው ጎታታ ድምፅ።

"የቱ ክፍል ነው?"

"ጠፋ..."

"ሰምቻለሁ። ክፍሉን ነው የምጠይቅህ።"

"ጠፋ..."

በዚህ መሃል የውጭው በር ተከፈተ። አማቼ ገባ። ትከሻው ላይ ጥቅል ኬብል ተሸክሟል።

"ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?"



"አንተ... ፎቅ አይደለህም እንዴ?"

"በበረንዳው በኩል ባለው የውጭ ደረጃ ወርጄ መኪናችን ጋ ነበርኩ። ኬብሉን ላምጣ ወይ ብዬ ጠየቅኩህ እኮ።"

"መቼ?"

"አሁን። 'ሂድ' አልከኝ።"

እኔ ሂድ አላልኩም። ኬብል የሚል ቃልም አልሰማሁም።

 ሌላ ሰው ቢሆን ይቀልድብኛል ብዬ በጥፊ ባልኩት። አማቼ ግን ይህን ቀልድ የሚያስብበት ጭንቅላት የለውም። እኔ ደግሞ ስደነግጥ የምናደድ ሰው ነኝ። ደሜ ፈላ። ይቺ ሴትዮ የደበቀችው ሰውዬ ነው ድምፃችንን እየቀዳ የሚያሾፍብን አልኩ።

"ቴስተርህን ስጠኝ" አልኩት። ኮረንቲ መኖር አለመኖሩን የምንፈትሽበት ነው፣ የእኔው ባትሪው ደክሞ ነበር። "ወጥቼ ድምፁ የመጣበትን ክፍል ልየው። አንተ ጋራዥ ግባና ኬብሉን ዘርጋ። አሮጌውን መስመር ግን እኔ ጠፋ እስክልህ ድረስ እንዳትነካው።"

"እሺ ጋሼ።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ያን ጊዜ ምን እንዳልኩት አልገባኝም።

ደረጃውን ወጣሁ። ሴትየዋ ጫፉ ላይ ቆማለች፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ" አልኳት። "እዚህ ላይ አንድ ሰው አለ። በሥራችን እየገባ ነው።"

ድምፁ የተሰማበትን በጣቷ አሳየችኝ። በኮሪደሩ መጨረሻ ያለ አንድ በር ድረስ ወሰደችኝና ከፈተችው።

ባዶ ክፍል ነው። አልጋ የለ፣ ቁም ሣጥን የለ፣ ሰው የሚሸሸግበት ስንጥቅ እንኳ የለ።

ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። አምፖል የለም። ግድግዳውን ዞርኩ። ሶኬት የለም፣ ማብሪያ የለም። በቴስተሩ ዳሰስኩት፣ ከጀርባው የሚሄድ ሽቦም የለም።

"መብራቱስ?" አልኳት።

"ይህ ክፍል መብራት ኖሮት አያውቅም።"

ታዲያ... ምን ነበር የጠፋው?

በሩን በእርጋታ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ ተጠጋች። 

"መጀመሪያ እዚህ ቤት ስንገባ ባሌ ከታች ይጠራኝ ነበር" አለች። "ስወርድ ማንም የለም። የሰማሁ መስሎኝ ነው እላለሁ።"

"እሺ..."

"አንድ ቀን ጠራኝ። ወርጄ ሳሎን ቆሜ አቤት እያልኩ፣ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ከመሥሪያ ቤት።"

ዞር ብዬ ወደ ደረጃው አየሁ።

"ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ከክፍል ክፍል አንጣራም። የሚፈልግ ሰው መጥቶ ፊት ለፊት ይናገራል። ካልተጠራራን እሱም ዝም ይላል። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ነበር..."

"ለምን አልነገሩንም?"

"ብነግርዎት ይሠሩልኝ ነበር? ባሌስ አብዳለች ብሎ ነው የሚያስበው። እኔን ነው የሚለው።" ዓይኗ እንባ ሞላ። አሳዘነችኝ፣ ስለጠረጠርኳትም አፈርኩ።

"ያ መሰላሉን የተወው ሰውዬ..." አልኩ።

"ብቻውን ነው የመጣው። ሲሠራ ግን ከአንድ ሰው ጋር ያወራ ነበር። እኔ ረዳቱ በኋላ በር የገባ መስሎኝ..."

"ከዚያስ?"

"ሁለቱም እጆቹ ተቃጠሉ። ሆስፒታል ነው። 'ጠፋ ብሎኝ ነው የያዝኩት' ይላል አሉ። ሌላ ቃል አይናገርም።"

እኔ ጠፋ እስክልህ ድረስ።

ያልኩት ይህን ነው። በገዛ አፌ። ቴስተሩም የእኔ እጅ ላይ ነው።

ስልኬን ለማውጣት ኪሴን ዳበስኩ። ሳጥኑ ጋ ትቼዋለሁ። ወደ ደረጃው ዞርኩ። ገና የመጀመሪያውን እንደረገጥኩ ከጋራዡ የአማቼ ድምፅ መጣ።

"ጋሼ፣ ጠፋ?"

አፌን ሳልከፍት ከደረጃው ስር መልስ ተሰጠው።

"ጠፋ። ያዘው።"

የእኔ ድምፅ ነው።

ድምፃችሁን በስልክ ተቀድቶ ስትሰሙት ይቀፋችኋል አይደል? ይኼ አንተ ነህ ሲሏችሁ አይመስላችሁም። ይኼ እንደዚያ አልነበረም። ይህ እኔ ስናገር በራሴ ጆሮ፣ ከውስጥ የምሰማው ድምፄ ነው። 

የጋራዡን ብሬከር አላወረድኩትም። ኮረንቲው እንዳለ ነው።

"አልጠፋም! እንዳትነካው!"

ከታች፣ በእርጋታ፣ ፈገግ እንዳለ ሰው... "ቀልዴን ነው። ጠፍቷል።"

 ከዚያ አማቼ ተናገረ፣ ቀስ ብሎ፣ ግራ እንደገባው ሕፃን።

"ጋሼ... የትኛውን ልስማ?"

"እኔን! እኔን ስማ!"

"እኔን ስማ" አለ ያኛው።

"እህቴ ትሙት፣ አልጠፋም!"

"እህቴ ትሙት፣ ጠፍቷል።"

ያን መሐላ ከእኔ አፍ በቀር ማንም አይምለውም። እሱ ግን ማለው። ከዚህ በኋላ ብናገር ምን ዋጋ አለው? የምላትን ሁሉ ይላታል። ቃል አለቀብኝ። መሮጥ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ደረጃውን በምን እንደወረድኩት አላውቅም። ወደ ሳጥኑ ዞርኩ። ከደረጃው ስር ማንም የለም። ዋናውን ብሬከር ይዤ ቁልቁል ሳብኩት። የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ቀጥ አለ። መያዣው ሞቅ ያለ ነበር... ሰው ብዙ ጊዜ ጨብጦት እንደቆየ ነገር።

ጋራዥ ገባሁ። አማቼ ተንበርክኳል። ጓንቱን አውልቆ አጠገቡ አስቀምጦታል። ጣቶቹና ሽቦው መሃል የነበረው ክፍተት ክብሪት አያስገባም።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ያስፈራል፣ የማያውቀውን ሰው ነው የሚያየው።

"አሁንስ ጠፋ?" አለኝ።

 በዚያ ቤት ውስጥ ያቺን ቃል ዳግመኛ ማውጣት አልቻልኩም። በኮሌታው አንቄ እየጎተትኩ አወጣሁት።

ሴትየዋ ተከትላን ወጣች፣ በነጠላ ጫማ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ። ግቢው ውስጥ ቆምን። ውጭው እንደ ወትሮው ነው። ጎረቤት ያለ አንድ ሰው አትክልት ውኃ ያጠጣል። መንገድ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። እኛ ሦስታችን እዚያ ፀሐይ ላይ ቆመን እንንቀጠቀጣለን።

"እቃችን..." አለ አማቼ።

"ይቅር። ሁሉም ይቅር።"

መሰላል ጥሎ የሄደው ሰውዬ ትዝ አላለኝም ማለት አልችልም። ግን ያን ሰዓት መኪናችንን ጥለህ ሂድ ቢሉኝም እሄድ ነበር።

አማቼ ለረጅም ጊዜ እጆቹን እያገላበጠ አያቸው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለኝ።

"ልይዘው ነበር።"

"አልጠፋም እያልኩህ?"

"አንተ እየጮህክ ነበር። አንተ ሥራ ላይ ጮኸህ አታውቅም፣ ጋሼ። ያኛው ነው አንተን የሚመስለው።"

እንባዬ መጣ። አልደበቅኩትም። ለእህቴ ምን ብዬ ነበር የምነግራት? በማን ድምፅ?

አቀፍኩት። ወንድሜን እንኳ እንደዚያ አቅፌ አላውቅም። "በል እንሂድ" ልለው አፌን ስከፍት ሴትየዋ ክንዴን ጨበጠችኝ። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

"ስሙ..." አለች።

ከቤቱ ውስጥ ነው። በተከፈተው በር በኩል ጥርት ብሎ ይሰማል።

"ጠፋ?" አለ የእኔ ድምፅ።

"አለ" አለ የአማቼ ድምፅ።

"አሁንስ?"

"ጠፋ። ሳሎን ነው።"

ሥራውን ከመጀመሪያው ጀምረውታል። ሳይቸኩሉ፣ ልክ እንደ እኛ። ሳሎኑን ጨረሱ። ወጥ ቤቱን ጨረሱ። ሦስታችንም እንደ ግንድ ተተክለን ቀረን።

ከዚያ ዝም አሉ።

ቀጥሎ የተሰማው ድምፅ ከደረጃው ስር አልነበረም። ከበሩ ጀርባ ነበር። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ጥላው ውስጥ።

"አማቼ?" አለ፣ በእኔ ድምፅ።

አማቼ በልማድ አፉን ሊከፍት ሲል በመዳፌ ከደንኩት። ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። ትንፋሹ እጄን ያሞቀኛል። ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም፣ ይህን እምላለሁ፣ ከመዳፌ ስር ነበር፣ ጨርሶ አልተንቀሳቀሰም።

ከበሩ ጀርባ ግን የአማቼ ድምፅ መለሰ።

"አቤት፣ ጋሼ።"